ለቁልቋልና ለእሬት ውኃ መቼና እንዴት?

ቤት ውስጥ ያለ ቁልቋልና እሬት ከጥም ይልቅ ብዙ ውኃ ይገድለዋል። ባሕር ዳር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም በረንዳ ላይ ያለውን ዝናብ ከማይመታው ጥግ አስጠጉት፤ በወር አንዴ ቢጠጣ ይበቃዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግን በየ10 ቀኑ ገደማ ይፈልጋል። ያም ሆኖ ቀን ከመቁጠር አፈሩን መፈተሽ ይሻላል፦ ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ንቀሉት፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ አታጠጡ።

ስታጠጡ ከላይ ከላይ አትርጩ። ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ አጠጡና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ጥቁር አፈር ብቻውን ውኃ አፍኖ ስለሚይዝ ግማሹን ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አድርጉት።

የእሬት ቅጠል ከተጨማደደ ጠምቶታል፣ ቀላል ነው። ከግርጌው ቢጫ ሆኖ ውኃ ያዘለ መስሎ ከለሰለሰ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ነቅላችሁ የጠቆረውን በንጹሕ ቢላ ቁረጡ፤ 4 ወይም 5 ቀን ጥላ ላይ አድርቃችሁ በደረቅ አፈር ትከሉት፤ ለአንድ ሳምንት ውኃ አታሳዩት። ቁልቋል ስትቆርጡ ጓንት አይቅር፣ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል።