በመረሬ አፈር ላይ የተተከለ ችግኝ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባለው መረሬ በሚባል ጥቁር አፈር ላይ ቤት ሠርቶ በግቢው አቮካዶ ወይም ኮክ የሚተክል ሰው የሚገጥመው ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ችግኝን ከፍየል ማጠር፣ በበጋ ማጠጣትና አረም መንቀል እንደሚገባ አንባቢ ስለሚያውቅ ወደዚያ አልገባም።

ምልክት፦ አፈሩ ርሶ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል

በሰኔ ለምለም ሆኖ የተተከለው ችግኝ ነሐሴ ሲጋመስ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ያንሳል፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ውሃ እንደጠማው ሁሉ ይዝለፈለፋል። ባለቤቱም ጠምቶታል ብሎ ያጠጣዋል፤ አላገግም ሲለው ዩሪያ ይጨምርበታል። ሁለቱም ሞቱን ያፋጥኑታል።

መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያበጅ፣ ክረምት ሲገባ ግን አብጦ የሚዘጋና ውሃ ወደ ታች የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ነው። በዚህ መሬት ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ከሌላ ቦታ በመጣ ለስላሳ አፈርና በፍግ መሙላት እንስራ እንደ መቅበር ነው፤ የዙሪያው ጎርፍ ወደለሰለሰው ቦታ ይሰበሰባል፣ መውጫ ግን የለውም። ሥር አየር ይፈልጋልና ውሃ ውስጥ ሲዘፈቅ ታፍኖ ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ ስለማይስብ ዛፉ ውሃ ላይ ቆሞ ይጠማል። አቮካዶ ከሌሎቹ ይብስበታል፤ ጥቃቅን ሥሮቹ ከላይኛው አፈር ብዙም የማይርቁ ከመሆናቸው በላይ፣ ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ተዋሲያን በረጋ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይዛመታል።

ለማረጋገጥ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አፈሩን በእጅ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የታፈነው ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ሲጎተትም ልጡ ሙልጭ ብሎ እጅ ላይ ይቀራል።

በአንድ ጡረተኛ መምህር ግቢ ውስጥ አቮካዶ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ይተከላል፣ በየዓመቱም መስከረም ላይ ይደርቃል፤ ጎረቤት ነገሩን ለሰው ዓይን ሰጥቶት ነበር። ጥፋተኛው የጣሪያው አሸንዳ ሆኖ ተገኘ፤ አፉ የተከፈተው በቀጥታ ወደ ችግኙ ጉድጓድ ነበርና። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ ያ ችግኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው በርሜሎች ሙሉ ነበር። ሌላ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጥበቃው ችግኞቹን በየቀኑ እንዲያጠጣ ታዟልና ካፖርቱን ለብሶ በዝናብ ሲያጠጣ አግኝቼዋለሁ። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ማንጠፍ ውሃ ያወርዳል የሚለውን ምክርም የሚከተሉ ብዙ ናቸው፤ ከጠጠሩ በታች ያለው መረሬ ውሃ እስካላሳለፈ ድረስ ጠጠሩ ራሱ ውሃ ከመያዝ በቀር የሚፈይደው የለም።

መፍትሄው ከመትከል በፊት ይጀምራል። ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶ ማሳደር ነው፤ በማግስቱ ውሃው ካልጠፋ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይተከልም። ይልቁንም ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው የአፈር ቁልል ተሠርቶ ችግኙ አናቱ ላይ ይተከላል፣ ዙሪያውንም ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ የሚያወጣ ቦይ ይቀደድለታል። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች መረሬ ላይ ስንዴ ሲዘሩ መሬቱን በእጃቸው መደብ እያደረጉ ውሃውን በቦይ የሚያስወጡት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው፤ የአቃቂ ገበሬም ሽምብራውን የሚዘራው ክረምቱ እስኪሸሽ ጠብቆ ነው። የሣር ጉዝጓዝ በቁልሉ ላይ ይነጠፋል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት።

የታመመውን ለማዳን ዝናቡ ጋብ ሲል ከነአፈሩ ነቅሎ፣ የጠቆረውን ሥር በንጹሕ መቁረጫ አስወግዶ፣ ቅርንጫፉንም ቀንሶ ቁልል ላይ ማዛወር ይቻላል። አቮካዶው ከግማሽ በላይ ሥሩ ከጠቆረ አይድከሙበት። በዚያው ቦታ ሌላ አቮካዶ አይተከል፤ የዚያ ጉድጓድ አፈር ወደ ሌላ ችግኝ አይወሰድ፤ የተቆፈረበት ዶማና አካፋም ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላ ቦታ አይቆፈርበት።

ምልክት፦ ችግኙ አይሞትም፣ አያድግምም

ዓመት አልፎት ቁመቱ ያልጨመረ፣ ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ የሚወዛወዝ ችግኝ ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ አልወለቀለትም። «ላስቲኩ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ላስቲክ አይበሰብስም። ታቹን ብቻ ቀዶ መትከልም ያው ነው። ከዚህ የባሰው ላስቲክ ውስጥ ከመጠን በላይ ቆይቶ ሥሩ ዙሪያውን የተጠመዘዘ ችግኝ በቁመቱ ብቻ ተመርጦ በውድ መገዛቱ ነው። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ የዞረው ሥር በምላጭ በሦስትና በአራት ቦታ ከላይ ወደ ታች ይበጣል።

ሌሎች ምልክቶች

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ከሥሩ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ መኖሩን መጠርጠር ይገባል፤ እንዲህ ያለ አፈር ችግኙ ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል። ፍርስራሹ ወጥቶ በብስባሽ ይተካል።

የቅጠሉ ጫፍ እንደተቃጠለ ቡናማ ከሆነ ያልበሰለ ፍግ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማግስት ለጋው ቅጠል ከጠቆረ ውርጭ ነው፤ ማታ ማታ በጆንያ ይከለላል፣ የጠቆረው ክፍል ግን ብርዱ እስኪያልፍ አይቆረጥም።

ግንዱ ከአፈር ሥር በምስጥ ከተበላ፣ ጉዝጓዙ ግንዱን ነክቶ እንደሆነ ይታይ።

የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተጣበቀበት፣ ከተዳቀለበት ቦታ በታች ቅርንጫፍ ካወጣ በእንጭጩ ይቀነጠስ፤ ከተተወ የተገዛውን ዝርያ አፍኖ ይተካዋል። የተዳቀለበት ቦታ ራሱ አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም።

ግንዱ ላይ ቀለበት የመሰለ ቁስል ካለ ከድጋፍ እንጨቱ ጋር በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ዛሬውኑ ተቆርጦ በላላ የጨርቅ ማሰሪያ ይተካ።