ስብሰባው ደመራ ላይ ወድቆ ነበር

ለብዝኃ ሕይወት ትምህርት ፕሮጀክታችን ስብሰባ የውጭ አጋሮቹ ሴፕቴምበር 26ን መረጡ። እኔም ሳላስብ እሺ አልኩ፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ አዳራሽም ያዝኩ። ማታ ግድግዳው ላይ ያለውን የኛን ካላንደር ሳይ ክው አልኩ። መስከረም 16! ደመራ! መንገዱ ተዘግቶ እንግዶቹ በየት ሊያልፉ ነው?

ወደ መስከረም 20 ገፋሁት። ሆቴሉ ቀብዱን ሳይነካ ቀኑን ቀየረልኝ፣ ተመስገን። አንዷ አጋር ትኬት ስለቆረጠች ቀድማ ትመጣለች። ደመራውን ታያለች፣ በትርፉ ቀን ጉለሌ እጽዋት ማዕከል እንወስዳታለን፤ ተጎዳች አልልም።

ሰዓቱም አለ። "3 ሰዓት" ብቻ ብል ፈረንጆቹ ከሰዓት በኋላ ከች ይላሉ። አሁን ግብዣው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌዋለሁ፦ መስከረም 20፣ ጠዋት 3 ሰዓት / ሴፕቴምበር 30፣ በፈረንጅ ጠዋት 9 ሰዓት።