ከሐዋሳ በቦሌ በኩል ወደ ውጭ ሲበሩ ረጅሙን የትራንዚት ቆይታ እንዴት ማለፍ ይቻላል?

ከሐዋሳ የሚነሳው የሀገር ውስጥ በረራ አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ የሚደርሰው በቀን ነው። ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራዎች ደግሞ አብዛኞቹ የሚነሱት በምሽት ነው። በመሃል ያለውን ግማሽ ቀን ቦሌ ይውላሉ፤ ከዚያ ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ላይ ሌላ ግማሽ ቀን ሊጨመር ይችላል። ቆይታው የሚከብደው ግን ወንበር ላይ በመቀመጥ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ትኬት ሲቆረጥና ሐዋሳ ላይ ሻንጣ ሲመዘን ነው። ስለዚህ እዚህ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ረዘም ያሉ ናቸው።

1. ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ከሐዋሳ እስከ መጨረሻው ከተማ ያሉት በረራዎች በሙሉ በአንድ ትኬት ላይ ካሉ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ትኬቶቹ ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው መዘግየት አያገባውም፤ አመለጠዎ ማለት ገንዘቡም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ሻንጣዎንም መሸጋገሪያው ላይ ራስዎ ተቀብለው እንደ አዲስ ያስመዝናሉ። ያ መሸጋገሪያ ውጭ ሀገር ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ ስለሚኖርብዎ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ለየብቻ መቁረጥ ርካሽ ሆኖ ካጓጓዎት፣ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይተዉ።

በተለይ ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። መንገደኛው ዘመድ ለመሰናበት ብሎ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በሻሸመኔ፣ በባቱ፣ በሞጆ አድርጎ በመኪና አዲስ አበባ ይገባል። የሐዋሳውን በረራ ይተወዋል፤ “ከቦሌ የሚነሳው እንደሆነ አለኝ” ይላል። የለውም። የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተሳፈረ መንገደኛ “አልመጣም” ተብሎ ይመዘገባል፤ በዚያው ትኬት ላይ ያሉት ቀጣዮቹ በረራዎችም ይሰረዛሉ፣ መመለሻው ጭምር። ችግሩ የሚታወቀው ደግሞ ማታ ቦሌ ካውንተር ላይ ሲቆሙ ነው። በመኪና ለመሄድ ከወሰኑ፣ የሐዋሳው በረራ ከመነሳቱ በፊት ትኬት ቢሮ ሄደው ወይም ደውለው ትኬቱ ከአዲስ አበባ እንዲጀምር ያስቀይሩ፤ የዋጋ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና መቼ እንደሚዘጋጋ ስለማይታወቅ፣ በመኪና የሚመጣ ሰው ከበረራው አንድ ቀን ቀድሞ ቢገባ ይሻላል።

የመሸጋገሪያ ከተማው ከአንድ በላይ አየር ማረፊያ እንዳለውም ይመልከቱ። ኢስታንቡል ሁለት አሉት፤ ሳቢሃ ጎክቼን ያለው ከተማው በእስያ በኩል ነው። ዱባይ ላይም የኢሜሬትስ በረራዎች ተርሚናል 3ን፣ የፍላይዱባይ ብዙዎቹ በረራዎች ደግሞ ተርሚናል 2ን ይጠቀማሉ፤ በእግር የሚያገናኛቸው መንገድ የለም፣ በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት።

2. “ከኤርፖርቱ ስለማልወጣ ቪዛ አያስፈልገኝም” አይበሉ

ይህ አባባል ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሁልጊዜ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ዜጎቻቸው በሸንገን (በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገራት) አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ እንዲይዙ የሚያስገድዳቸው ሀገራት ዝርዝር አለው፤ ኢትዮጵያ ከነዚህ አንዷ ናት። ፍራንክፈርት፣ ፓሪስ ወይም አምስተርዳም ላይ አውሮፕላን ቀይረው ወደ ሦስተኛ ሀገር የሚሄዱ ከሆነ ይህ ይመለከትዎታል። ጊዜው ያላለፈ የሸንገን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ነፃ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ቪዛ በፍራንክፈርት በኩል ዋሽንግተን መሄድ ይቻላል፤ ያለዚህ ዓይነት ቪዛ በዚያው በኩል ብራዚል ለመሄድ ግን የትራንዚት ቪዛው ግድ ነው። እንግሊዝም የራሷ ተመሳሳይ ሕግ አላት።

አሜሪካ ከሁሉም ትለያለች። በአሜሪካ አየር ማረፊያ አልፎ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ለመሄድም ቢሆን ቪዛ ይጠየቃል፤ ሁሉም መንገደኛ መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ አየር ማረፊያ ኢሚግሬሽን ያልፋልና። እዚያው ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አሳልፎ እንደገና ያስረክባል። ለዚህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ብዙ አይደለም።

ዱባይ፣ ዶሃና ኢስታንቡል ላይ በአንድ ትኬት ከመሸጋገሪያው ክልል ሳይወጡ ማለፍ ያለ ቪዛ ይቻላል። ወደ ከተማ ለመውጣት ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የዚያን ሀገር ቪዛ ያስፈልገዋል። የቱርክ አየር መንገድ ለረጅም ትራንዚት መንገደኞች የሚያዘጋጀው ነፃ የከተማ ጉብኝት ሲያስጎመጅዎት ይህን አይርሱ።

3. ሰዓቱን ወደ ራስዎ አቆጣጠር ገልብጠው ይጻፉ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በየከተማው የራሱ ሰዓት ነው፤ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከ06:00 እስከ 18:00 ላለው ስድስት ይቀንሱ፤ 14:40 ከቀኑ 8:40 ነው። ከ18:00 በኋላ ላለው 18 ይቀንሱ፤ 23:15 ከምሽቱ 5:15 ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለው ስድስት ይደምሩ፤ 02:35 ከሌሊቱ 8:35 ነው።

ሰው በረራ የሚያመልጠው በአብዛኛው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። ትኬቱ “ረቡዕ 00:20” ካለ፣ እኛ የምናውቀው የማክሰኞ ሌሊት 6:20 ነው። ቀኑ የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ሳይሆን እኩለ ሌሊት ላይ ነውና፣ ቦሌ መገኘት ያለብዎት ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው። ረቡዕ ማታ የሄደ ሰው 24 ሰዓት ዘግይቷል። ከሐዋሳ የሚነሱበትንም ቀን ከዚህ አንጻር ያስሉ፤ ረቡዕ ጠዋት የሚገባ የሐዋሳ በረራ አይጠቅምዎትም።

ኢስታንቡልና ዶሃ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። የእጅ ሰዓትዎን ወይም ኔትወርክ ያላገኘ ስልክዎን አምነው ዱባይ ላይ ከተቀመጡ፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተዋል ማለት ነው፤ የመሳፈሪያ በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመነሻው 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል። እንዳረፉ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ሰዓትዎን ያስተካክሉ።

4. ሐዋሳ ካውንተር ላይ ታጉን ያንብቡ

ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት (ታጉ) የሚደርስበትን አየር ማረፊያ የሚያሳዩ፣ በትልልቁ የተጻፉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉት። ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው “አይ ኤ ዲ” (IAD) ማየት አለበት። “ኤ ዲ ዲ” (ADD) ብቻ ከሆነ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ይቀራል፤ ሄደው ካልተቀበሉት አይከተልዎትም። ከካውንተሩ ሳይርቁ “ሻንጣዬ እስከ የት ነው የሚሄደው?” ብለው ይጠይቁ። ቀጣዮቹን ቦርዲንግ ፓሶች እዚያው እንዲሰጡዎትም ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ቦሌ ላይ የት እንደሚወስዱ ይነግሩዎታል። ትንሿን የታግ ቁራጭ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሻንጣ ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ቁጥር ነው።

በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ የሚያዝ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል፤ ሊወረስም ይችላል። ማርና ንጥር ቅቤ በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው በየዕቃው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። መድረሻዎ የአውሮፓ ኅብረት ከሆነ ደግሞ ቅቤም ቋንጣም በየትኛውም ሻንጣ አይገቡም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ መግቢያው ላይ ይወሰዳሉ። እናት ብትቀየምም እቤት ይቅር።

5. የእጅ ሻንጣው

ቆይታው ላይ በእጅዎ ያለው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው፣ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቻርጀር፣ ወፍራም ካልሲ ይያዙ። ጋቢ ይጨምሩ። የመሸጋገሪያ አዳራሾች ሌሊቱን ሙሉ በማቀዝቀዣ ስለሚነፍሱ፣ የሐዋሳን ሙቀት ለምዶ በስስ ሸሚዝ የተነሳ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ብርድ ልብስም ትራስም ይሆናል።

ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ መያዝ ግዴታ ነው፤ ልኩም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። ጽሑፉ የተፋቀበት ከሆነ ግን ፈታሹ ልኩን ማወቅ ስለማይችል ይወስደዋል። የእኛ ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት ኢስታንቡልና ፍራንክፈርት ይሠራል፤ ዱባይና ዶሃ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አስማሚ ይያዙ።

ዳቦ ቆሎና ቆሎ ፍተሻውን ያለ ችግር ያልፋሉ። የውሃ ጠርሙስ ባዶውን ይዘው ከፍተሻው በኋላ ይሙሉት። ብር ከሀገር ሲወጣ የሚመነዝረው ስለማያገኙ፣ ለምግብ የሚሆን ትንንሽ ዶላር ያዘጋጁ። የሚጾሙ ከሆነ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ወደ አየር መንገዱ ደውለው የቪጋን ምግብ ያስመዝግቡ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ውጭ ሀገር ካፌ ውስጥም “ቪጋን” ብለው ይጠይቁ፤ “ቬጂቴሪያን” ካሉ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል።

6. ቦሌ ላይ ያለው ጊዜ

የሀገር ውስጥ ተርሚናሉና ወደ ውጭ የሚበረርበት ተርሚናል 2 በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የፓስፖርት መውጫ ማህተም የሚመታው ተርሚናል 2 ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብ ቀይሮ መውጣት የለም። ስለዚህ ውሳኔው ከማህተሙ በፊት ይሁን። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለዎት፣ ራይድ ወይም ፈረስ በተባሉት የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያዎች ታክሲ ይዘው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ድረስ ሄደው ምሳ በልተው፣ ዘመድ አግኝተው መመለስ ይቻላል። ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት የተርሚናሉ መግቢያ በር ላይ ይገኙ፤ የመንገድ መዘጋጋቱ ከዚህ ሰዓት ውጭ መታሰብ አለበት። ፓስፖርትና ትኬት በእጅዎ ይሁኑ፤ ሲመለሱ መግቢያው ላይ ይጠየቃሉ።

ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቆይ ትራንዚት ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ትኬቱ ዓይነትና ቀደም ያለ ተያያዥ በረራ አለመኖሩን አይቶ ሆቴል ይሰጣል። ለእርስዎ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ትኬት ሲቆርጡ ነው፤ ያኔ ይጠይቁ፣ ትኬቱ ላይ እንዲመዘገብም ያድርጉ። የሌሎች አየር መንገዶች የትራንዚት ሆቴልም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ነው የሚጠየቀው፤ ከደረሱ በኋላ ጠይቆ ማግኘት ከባድ ነው።

7. ውጭ ሀገር አዳራሽ ውስጥ ማደር

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የበረራ ቁጥሩን ይፈልጉ። ሰዓታት ሲቀሩ የበር ቁጥር ላይኖረው ይችላል፤ አይደንግጡ፣ በየሰዓቱ ያዩታል። ዱባይና ኢስታንቡል በድምፅ ማጉያ ስም እየጠሩ የማይቀሰቅሱ ጸጥተኛ አየር ማረፊያዎች ናቸው። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ማንቂያ ይሙሉ፤ አንዱ በር ከሚከፈትበት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ሁለተኛው ከእሱ አሥር ደቂቃ በኋላ። የእጅ ሻንጣውን ማንጠልጠያ በክንድዎ ወይም በእግርዎ ያስገቡ፤ ፓስፖርትዎን ከሸሚዝዎ ስር ያድርጉ።

እውነተኛ አልጋ ካሻዎት ዱባይ፣ ዶሃና ኢስታንቡል ውስጥ ከኢሚግሬሽን ሳይወጡ የሚገባባቸው ሆቴሎች አሉ፤ በሰዓት ሒሳብ የሚያከራዩም አሉ። ቆይታው አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከልጅ ወይም ከአረጋዊ ጋር ከሆኑ ገንዘቡ አይቆጭም። ጤነኛ ጎልማሳ ግን ለስድስት ሰዓት ወንበር ይበቃዋል፤ በየሰዓቱ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ቢራመድ እግሩ አያብጥም።

የአንዳንዱ አየር ማረፊያ ዋይፋይ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ኮድ ይልካል። የኢትዮጵያ ሲም ውጭ ሀገር ካልሠራ ኮዱ አይደርስዎትም፤ ፓስፖርት የሚያነብ ማሽን ይፈልጉ ወይም የመረጃ ዴስኩን ይጠይቁ። ቦርዲንግ ፓሱንና የሚቀበልዎትን ሰው ስልክ ወረቀት ላይም ይያዙ።

8. በረራ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ

ወዲያው ወደ ትራንስፈር ዴስክ (ተሸጋጋሪ መንገደኞች ወደሚስተናገዱበት ካውንተር) ይሂዱ፤ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ቆመው ሳለ ወደ አየር መንገዱ ይደውሉ። በራስዎ አዲስ ትኬት አይግዙ፤ ከገዙ በኋላ የቀድሞው አየር መንገድ አልመጡም ሊልዎት ይችላል። አዲሱ በረራ፣ የምግብ ኩፖን፣ ሌሊት ከሆነም ሆቴል እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። አዲስ ቦርዲንግ ፓስ ሲሰጥዎት የሻንጣውን ታግ ያሳዩና ሻንጣው ወደ አዲሱ በረራ መዛወሩን ኮምፒውተራቸው ላይ አይተው እንዲነግሩዎት ያድርጉ።