የመኪናችሁን እግር ግቢ ውስጥ ስትፈቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ደሴ ግቢዬ ውስጥ የቪትዜን የኋላ አሞርዛተር (መንገጫገጭ የሚያበርደውን ዕቃ) ቀየርኩ። የላይኛውን ዳዶ ሳጠብቅ ዘንጉ አብሮ እየዞረ አስቸገረኝ። ከጦሳ ተራራ በኩል ዝናቡ እየመጣ ነበር። ፒንሳ አነሳሁና የሚያብለጨልጨውን ዘንግ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ዳዶውን ጨረስኩ። ስለቀው የፒንሳው ጥርስ ዘንጉ ላይ ታትሟል። ሦስት ጭረት፣ እያንዳንዱ ከጥፍር ጫፍ አይበልጥም። በጨርቅ ጠረግኩት። ምንም አይደል ብዬ ጎማውን መለስኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አዲሱ አሞርዛተር ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረ። ጣቴን ሳሳርፍበት ዘይትና አቧራ የተቦካበት ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። የሰፈራችን መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «አብሽር፣ ዕቃው ጥፋት የለበትም። ይቺን ዘንግ ግን ምን ነካት?» አለኝ።

ያ ዘንግ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በጎማ ማኅተም መሐል ይገባል፣ ይወጣል። ጭረቱ እንደ ሞረድ ሆኖ ማኅተሙን ይበላዋል። ማኅተሙ ሲያልቅ ዘይቱ ይወጣል። ዘይት የሌለው አሞርዛተር ደግሞ ባዶ ቱቦ ነው። ዘንጉ አብሮ ከዞረባችሁ ጫፉን እዩት። ቁልፍ የሚይዝ ጠፍጣፋ ቦታ ወይም የአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን) ቀዳዳ አለው። እሱን ይዛችሁ ዳዶውን በሌላ ቁልፍ አዙሩ። ከጫፉ በታች ያለውን የሚያብለጨልጨውን ክፍል ብረት አታስነኩት።

እጅ ይስታል። የባለሙያም እጅ ይስታል። የኔ ትልቁ ጥፋት ጭረቱን አይቼ ማለፌ ነው። በተለይ እኛ አገር ይሄ አይሆንም። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ ስትጠመዘዙ ከሁሉም የበለጠ ክብደት የሚያርፈው በውጪ በኩል ያለው የፊት እግር ላይ ነው። ግቢ ውስጥ «ትንሽ ናት» ያላችኋት ነገር የምትፈተነው እዚያ ነው።

ክሪክ ባገኙበት መትከል

ክሪክ የሚተከልበት ቦታ በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ከበሩ ስር፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ አጠገብ ነው። ክንዱ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ ወይም ቴስቲናው (ኳስ ያለው መገጣጠሚያ) ስር ከተከላችሁ ብረት ሊጣመም፣ የቴስቲናው ላስቲክ ሊቀደድ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የደሴ አፈር ክሪክ ይውጣል። ስሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አግዱ። ስታንድ (መኪናውን ደግፎ የሚያቆም ብረት) ሳታስገቡ መኪናው ስር አትግቡ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ሰው ስሩ የሚተኛበት መቆሚያ አይደለም።

የሞላውን ዳዶ ዝም ብሎ መፍታት

በብዙ መኪኖች የፊት እግር ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ታስረዋል። ቦኔቱን ስትከፍቱ ከላይ፣ መሐል ላይ አንድ ዳዶ ታያላችሁ፤ ዙሪያውን ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች አሉ። ሙሉውን ዕቃ ለማውጣት ከላይ በኩል የሚፈቱት የዙሪያዎቹ ናቸው። የመሐሉ የታመቀውን ሞላ ይዞ የቆመ ነው። ሞላው በማሰሪያ (በሞላ መጭመቂያ መሣሪያ) ሳይጨመቅ እሱን የፈታ ሰው ሞላው እንደ ጥይት ይወረወርበታል። መንጋጋ ይሰብራል፣ ይገድላልም። በሽቦና በገመድ አስሮ የሚሞክር ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ደህና ማሰሪያ ከሌላችሁ ሙሉውን ዕቃ አውጥታችሁ ጋራዥ ውሰዱት። ሞላውን እነሱ ይለያዩላችሁ፣ መልሳችሁ የምትገጥሙት እናንተ ናችሁ።

የተቀደደ ላስቲክን በፕላስተር መጠቅለል

ቴስቲና አልላቀቅ ሲል መዶሻና ፌሮ ይመጣል። ፌሮው ሲያመልጥ ላስቲኩ ይቀደዳል። ብዙ ሰው ግራሶ ሞልቶ በፕላስተር ይጠቀልለዋል። ፕላስተሩ አይቆይም። ውሃና አሸዋ ይገባል፣ ኳሱ ይበላል፣ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የባሰ ጊዜ ኳሱ ከቤቱ ይወጣና ጎማው ወደ ጎን ይተኛል። ላስቲኩ ለብቻው ሲሸጥ ከተገኘና ውስጡ ገና ንጹሕ ከሆነ አሮጌውን ግራሶ ጠርጋችሁ፣ አዲስ ሞልታችሁ ላስቲኩን ቀይሩ። አሸዋ ከገባበት ቴስቲናውን ራሱን ቀይሩት።

ስትመልሱ ኮፒሊያው (በቀዳዳ አልፎ ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘው ሽቦ) አዲስ ይሁን። ቀዳዳው ከዳዶው ጥርስ ጋር ካልገጠመ ዳዶውን ወደኋላ አታላሉት፣ ቀጣዩ ጥርስ እስኪገጥም ትንሽ አጥብቁት።

አንጠልጥሎ መተው

የፍሬን ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው ክፍል) በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ አይቀመጥም። ቱቦው ከውጪ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። ክንዱን ስትፈቱም ድንገት ወደታች አትልቀቁት፤ ሰሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ከቤቱ ሊያስወጣው፣ የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ሽቦንም ሊበጥስ ይችላል።

ጎማው አየር ላይ እያለ ቦኮላ ማጥበቅ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በክንዱ ጫፍ ያለው የጎማ ቦኮላ በሁለት ብረት መሐል የተጣበቀ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሐሉ ብረት ባለበት ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠመዘዘው የቦኮላው ጎማ ብቻ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ክንዱ ወደታች ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁ መሬት ሲወርድ የቦኮላው ጎማ መኪናው ገና ቆሞ ሳለ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይጠመዘዛል። በወራት ውስጥ ይሰነጠቃል። ሰው ደግሞ ዕቃው ሐሰተኛ ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቧቸው። ጎማውን ግጠሙ፣ መኪናውን መሬት አውርዱ፣ ከፊትና ከኋላ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ እንዲቀመጥ አድርጉት። የመጨረሻውን ማጥበቅ ያኔ አድርጉ። እጅ የማይገባ ከሆነ ክሪኩን ክንዱ ስር፣ ከቴስቲናው ራቅ አድርጋችሁ፣ መኪናው በቆመበት ቁመት ልክ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ክሪክ ክንድ ስር እንዲገባ የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው፤ ያኔም መኪናው ስታንድ ላይ መሆን አለበት።

የተጣመመን በእሳት ማቅናት

ክንድ ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ መበየድ አለ፣ ርካሽም ነው። እኔ አልስማማም። በእሳት የተመታ ብረት ጥንካሬው ይለወጣል፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ ይመለሳል። ከሌላ መኪና የወጣ፣ ያልተበየደ አሮጌ ክንድ ይሻላል።

ጨርሶ ወዲያው ኮምቦልቻ መውረድ

መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ ንዱት። ኮረኮንች ላይ ድምፅ አድምጡ። ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ አንድ ወገን ይስብ እንደሆነ እዩ። ክንድ፣ ቴስቲና ወይም የፊት አሞርዛተር ከተነካ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልገዋል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የጎማዎቹን ዳዶዎችና የፈታችኋቸውን ብሎኖች በቁልፍ ሞክሩ። እኔ አሁን ያጠበቅኩትን ብሎን ሁሉ በነጭ ቀለም አሰምራለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል፣ መኪናውም ከግቢ አይወጣም።