ጀማሪ ተጫዋች የራኬቱን ጎማ ቡስተር ሊቀባ ይገባዋልን?

ጠረጴዛ ቴኒስ ከጀመሩ ጥቂት ወራት የሆናቸው ተጫዋቾች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የራኬታቸውን ጎማ ቡስተር (ስፖንጁን የሚያሳብጥ ፈሳሽ) ቢቀቡት ኳሳቸው ይፈጥን እንደሆነ ነው። ኳሱ በእርግጥ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ እኔ አይቀቡት ባይ ነኝ፤ ይህንንም የምለው ሕጉ ስለሚከለክል ብቻ ሳይሆን፣ ገና ክንዱን በማሠልጠን ላይ ላለ ሰው የሚጨመረው ፍጥነት ራሱ ትምህርቱን ስለሚያበላሽበት ነው።

የራኬት ጎማ ሁለት ንብርብር አለው፤ ከላይ ኳሱን የሚነካው ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ስፖንጁ ነው። ቡስተር የሚባለው ፈሳሽ በአብዛኛው ዘይት ሲሆን፣ ጎማው ከእንጨቱ ላይ ተላቆ በስፖንጁ በኩል በስሱ ይቀባል። ስፖንጁ ዘይቱን መጥጦ ሲያብጥ ከላይ ያለው ሽፋን አብሮ ስለማያብጥ ይወጠራል፤ ጎማውም እንደ ጉልላት ይጎብጣል። ጎማው በዚህ ሁኔታ ተዘርግቶ እንጨቱ ላይ ሲለጠፍ ውጥረቱ በውስጡ ይቀራል፤ ስፖንጁ ይለሰልሳል፣ ኳሱም ቀለል ባለ ምት በኃይል ይፈናጠራል። ዘይቱ ግን ለዘለቄታው አይሠራም፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጎማውም ይሸበሸባል። ያን ጊዜ ተላቆ እንደገና መቀባትና እንደገና መለጠፍ ይኖርበታል፤ በየመላቀቁም ስፖንጩ የመቀደድ አደጋ አለው።

ልማዱ የቆየ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዩጎዝላቪያው ድራጉቲን ሹርቤክና የሃንጋሪው ቲቦር ክላምፓር የተባሉ ተጫዋቾች በብስክሌት ጎማ ማጣበቂያ እንደጀመሩት ይነገራል። ከማጣበቂያው የሚተነው ኬሚካል ስፖንጁን ያሳብጠው ነበር። ለተጫዋቾች ጤና ሲባል ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን ማጣበቂያ ከቤጂንግ ኦሊምፒክ በኋላ፣ ከመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገደ፤ እንደ ትነት በመሣሪያ በቀላሉ የማይያዘው ዘይትም ቦታውን ተካ። የጨዋታው ሕግ ግን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፤ የራኬት ሽፋን ምንም ዓይነት አካላዊ፣ ኬሚካላዊ ወይም ሌላ ለውጥ ሳይደረግበት ከፋብሪካ እንደወጣ ጥቅም ላይ መዋል አለበት። ጃፓናዊው ተጫዋች ጁን ሚዙታኒ ከለንደን ኦሊምፒክ በኋላ የቡስተርን ነገር በመቃወም ለወራት ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ራሱን ማግለሉ፣ ጉዳዩ በላይኛው ደረጃ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቡስተር በገበያ ስላጡ በማስቲሽ፣ በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ ለመተካት የሚያስቡ ካሉ፣ እባካችሁ አትሞክሩት። ትነቱ ነርቭንና ሳንባን ይጎዳል፣ በቀላሉም እሳት ይይዛል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተለይም ሕፃናት ባሉበት ቤት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ቡስተር ለጀማሪ የማይስማማበት ምክንያት ወደ ምንለው እንምጣ። ቡስተር በብዛት የሚቀባው እንደ ሀሪኬን 3 ባሉ፣ የሚያጣብቅ ሽፋንና ጠንካራ ስፖንጅ ባላቸው የቻይና ጎማዎች ላይ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ኃይሉን የሚሰጠው እግሩን፣ ወገቡንና ክንዱን አቀናጅቶ በሙሉ ፍጥነት ለሚመታ ተጫዋች ነው፤ ዘይቱ የሚያግዘውም እንዲህ ያለውን ምት ነው። ጀማሪ ግን ገና ያንን ምት አልያዘም። በሥልጠናው የሚበዛው ጊዜ የሚያልፈው ኳሱን በፎርሃንድና በባክሃንድ (በመዳፍና በእጅ ጀርባ በኩል) እየመለሱ በማቆየት፣ ባክ ስፒን ያለበትን (ወደ ኋላ የሚሽከረከረውን) ኳስ ዝቅ አድርጎ በመግፋትና ሰርቭ (ጨዋታ መክፈቻ ምት) በመቀበል ነው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ኳሱ በተመታው ልክ ብቻ እንዲሄድ ነው። የተቀባ ጎማ በለስላሳ ምት ጊዜ እንኳ ኳሱን ስለሚያስፈነጥር፣ መረቡን ታክኮ ማለፍ የነበረበት ኳስ ከፍ ብሎ ይነሣና ለተጋጣሚ የተመቻቸ ምት ይሆናል። ተማሪው ይህን ለመከላከል ሳያውቀው ክንዱን ያሳጥራል፣ ምቱን መሀል ላይ ያቋርጣል፤ አሠልጣኝ በኋላ ለማረም ብዙ ከሚደክምባቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የጎማው ጠባይ መለዋወጡ ነው። በተቀባበት ሰሞን ኳሱ ከጠረጴዛው ያልፍ የነበረ ተጫዋች፣ ከወር በኋላ በዚያው ምት መረቡ ላይ ይቀርበታል። ልምድ ያለው ሰው ጎማው መዳከሙን ይረዳል። ጀማሪ ግን ስሕተቱ የራኬቱ ይሁን የእጁ ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ትክክል የነበረውን ምት ያርማል።

በአዲስ አበባ ለሚጫወቱ ሌላም ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ኳሱን ብዙም አያዘገየውም፤ በቶፕ ስፒን (ወደ ፊት እንዲሽከረከር ተደርጎ) የተመታው ኳስም ወደ ጠረጴዛው የሚያጎነብሰው በአየሩ ግፊት ስለሆነ፣ መጉበጡ ይቀንሳል። ኳሱ ያለ ዘይት ከጠረጴዛ ለመውጣት በሚቸኩልበት ቦታ ተጨማሪ ፍንጠራ መፈለግ አያስኬድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በእጅዎ ያለውን ጎማ ይመርምሩ። ኳሱን በጣትዎ ጎማው ላይ ጫን አድርገው ሲጎትቱት ያለ ምንም መያዝ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም የመሀሉ ክፍል አንጸባርቆ ከጠርዙ የተለየ ከሆነ፣ ሽፋኑ አርጅቷልና ምንም ቢቀቡት አይመለስም። የሚገዙት አዲስ ጎማ መካከለኛ ጥንካሬና ከ1.8 እስከ 2.0 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስፖንጅ ያለው ቢሆን ይበቃል፤ ያሳካ ማርክ 5ን የመሰሉ የቆዩ ጎማዎች ለዚህ ተገቢ ናቸው። መወዳደር የሚያስቡ ከሆነ በጎማው ላይ የፌዴሬሽኑ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ፤ ሽፋኑ፣ ስፖንጁና ሙጫው አንድ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ እንደሌለባቸውም ያስታውሱ።

ሲለጥፉ በውሃ የተሠራውን የጠረጴዛ ቴኒስ ሙጫ ብቻ ይጠቀሙ። በእንጨቱም በስፖንጁም ላይ አንድ አንድ ስስ ንጣፍ ቀብተው፣ ነጭነቱ ጠፍቶ መስታወት መሰል እስኪሆን ድረስ ይጠብቁ፤ ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ጎማው ይነሣባቸዋል። ከዚያ ከእጀታው በኩል ጀምረው ሳይለጥጡ ያኑሩት፤ ለስላሳ ጠርሙስ እያንከባለሉ አየሩን ወደ ፊት ካስወጡ በኋላ ዙሪያውን በስለታም ምላጭ ይከርክሙ። ጎማውን መለጠጥ ቡስተር ባይኖርም ጠባዩን ይለውጠዋል።

ከጨዋታ በኋላ ጎማውን በንጹሕ ውሃ በረጠበ ስፖንጅ ይጥረጉ፤ ሲደርቅም በስስ ፕላስቲክ ይሸፍኑት። ሳሙና፣ አልኮልና የምግብ ዘይት አያስነኩት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። አቧራ ብቻውን የጎማን የመያዝ ኃይል ክፉኛ ስለሚቀንስ፣ ቡስተር የሚያስፈልገው የመሰለ ጎማ ታጥቦ ሲደርቅ እንደነበረ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰው የተጠቀመበት ጎማ ከተሰጥዎት ተቀብቶ እንደሆነ ለማወቅ አላቅቀው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያኑሩት። በኃይል የሚጎብጥ፣ ስፖንጩ ሲነካ ቅባት ቅባት የሚል፣ ወይም ከእንጨቱ ጠርዝ አጥሮ የተሸበሸበ ከሆነ መቀባቱ አይቀርም። ለውድድር አይጠቀሙበት፤ ለልምምድም ቢሆን ጉብጠቱ እስኪጠፋ ለሳምንታት ሳይለጠፍ ይቆይ።

ምቱ የተስተካከለለትና በእርግጥም ተጨማሪ ፍጥነት የሚፈልግ ተጫዋች ሕጋዊ መንገድ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. እንደወጣው የበተርፍላይ ኩባንያ ቴነርጂ ያሉ ጎማዎች ውጥረቱ ከፋብሪካው ተሠርቶባቸው ይመጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል የሚያስመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ሲያደርጉ የጎማውን ሙሉ ስም፣ የስፖንጁን ውፍረትና ቀለሙን ጽፈው ይላኩ፤ የራኬቱ አንድ ወገን ጥቁር መሆን ስላለበት፣ ለሌላው ወገን ቀይ ወይም በሕጉ የተፈቀደ ሌላ ደማቅ ቀለም ይጠይቁ፤ በውሃ የተሠራ ሙጫም ከዕቃው ጋር ይታከልልዎት።