የድሮ ቮልስን ማደስ፦ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው

ቮልስ ለማደስ ከተነሱ ጥሩ መኪና መርጠዋል። ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም በአዲስ ይሠራለታል። ራዲያተርም ውሃም የለውም። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ በክሪክ ወርዶ ግቢ ውስጥ ይፈታል። ጣጣው የሚመጣው ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቀለም ነው፤ ከበሩ ሥር ያለው ዝገት በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ቮልስ ግን ክረምት ሲያልፍበት አረፋ አውጥቶ ይላጣል፣ የወጣበትም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ላሜራ ይቅደም፣ ከዚያ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ሞተርና ኤሌክትሪክ፣ ቀለም መጨረሻ። እዚህ ያሉት ልኮች ለ1300፣ ለ1500 እና ለ1600 ሲሲ ሞተሮች ይሆናሉ።

ከመግዛትዎ በፊት

የኋላ መቀመጫውን ያንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ሥር፣ በወለሉ መሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያው መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላል። ምንጣፉን ገልጠው በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑት፤ ከገባ ወለሉ አልቋል። ወለል መቀየር ግን የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። የሚያስፈራው ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው፤ ቦዲውንም ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። በሩ ሲዘጋ በላይ በኩል ያለው ክፍተት ከታችኛው ከተለየ፣ ወይም በሩን ለመዝጋት ማንሳት ካስፈለገ፣ ሳጥኑ በስብሶ ቦዲው እየረገበ ነው ማለት ነው። የመለዋወጫ ጎማው የሚተኛበትን ጉድጓድና የክሪክ ማስገቢያዎቹንም ይውጉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ መልሰው ይግፉ። ጤነኛው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ አይሰማም ማለት ይቻላል። ኳ ኳ ካለ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ አልቋል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ ይኖርበታል። ኮምፕሬሽን ሲለኩ ደግሞ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን አይርሱ፦ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ መለኪያው ከመጽሐፉ በታች ያነባል። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ሞተሩን መጥፎ አያደርገውም፤ ማየት ያለብዎት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ቫልቭ ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይጠርጥሩ።

ላሜራና ብየዳ

ከበሩ ሥር ያለውን ሳጥን ከመቁረጥዎ በፊት በሁለቱም የበር ክፍተቶች ውስጥ የብረት ቱቦ አግድመው በብየዳ ያስሩ። ይህን ሳያደርግ የቆረጠ ሰው በኋላ በሮቹ አይገጥሙለትም፤ መመለሻውም አስቸጋሪ ነው። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይክፈቱ።

ላሜራው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጋዝ ብየዳ ወይም በኤሌክትሮድ ከተሠራ ይጣመማል ወይም ይበሳል፤ በ0.6 ወይም በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚሠራ የሲኦቱ ብየዳ ያለው ባትላሜራ ይፈልጉ። መስመሩ በአንድ ትንፋሽ አይበየድም። ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘለለ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ ነው የሚሞላው። የሚገባው ላሜራ ዚንክ የተቀባ ከሆነ የሚበየደው ጠርዝ ላይ ያለው ዚንክ መጀመሪያ ይገፈፍ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ባትሪውና ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከመኪናው ሳይወጡ ብየዳ አይጀመርም።

ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መከለያዎቹ) በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ በ13 ቁልፍ ይወጣሉ። ብሎኖቹ ዝገው ይሰበራሉና ከመፍታትዎ በፊት ለሁለትና ለሦስት ቀን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩባቸው። ሲመልሱ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የሚገባውን የጎማ ጠርዝ አዲስ ያድርጉት፤ አሮጌው ውሃ ይዞ ያዘግታል።

ፍሬን

ዓመታት የቆመ መኪና ፍሬን አይታመንም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የማስተሩ (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ዋና ሲሊንደር) እና የጎማ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ይዝጋል። ማስተሩን፣ አራቱንም የጎማ ሲሊንደሮችና የጎማ ቱቦዎቹን በአዲስ ይቀይሩ። ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ ፍሬን ተይዞ ሲለቀቅ ጎማው ቶሎ የማይፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው መንስኤ የፔዳሉ ዘንግ ነው፦ በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ዘይቱ ወደ መያዣው የሚመለስበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሲሞቅም ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

አየር ማውጣት የሚጀመረው ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ሸራውን ሲያስተካክሉ በእያንዳንዱ ጎማ ያሉትን ሁለት ጥርሳማ ማስተካከያዎች ጎማው እስኪይዝ ያጥብቁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጥርስ ይመልሱ።

የኋላውን ታምቡር የያዘው ዳዶ በ36 ቁልፍ ይፈታል፤ ሲታሰር ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አንድ ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ አስገብተው ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ያህል መጫን ነው። የኮፒሊያው (የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ያጥብቁ እንጂ ወደኋላ አያላሉ። ይህ ዳዶ ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ተላጭቶ መኪናው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

ነዳጅ

ቮልስን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ የቤንዚን ቱቦ ነው። ሰልባትዮው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ በመካከል ያለው የብረት መስመር ደህና ቢሆንም ጫፎቹ ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ሁሉንም በ5 ሚሊ ሜትር የቤንዚን ቱቦ ይቀይሩ፣ እያንዳንዱን ጫፍ በፋሼታ ያጥብቁ። ካምቢዮው አጠገብ ያለውን አይዝለሉት፤ ስለማይታይ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ ቧንቧም በጣት ያወዛውዙት። ከተነቃነቀ አንድ ቀን ወጥቶ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ያፈሳልና እንደገና ጠብቆ መግባት አለበት። የቤንዚን ማጣሪያ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ማንጠልጠል የተለመደ ነው፤ ክብደቱ ቱቦውን ስለሚጎትት ከመኪናው ሥር ቢቀመጥ ይሻላል።

ሰልባትዮው ከውስጥ ከዛገ አውጥተው ነጭ አቼቶ ይሙሉበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት፣ ጥቂት ዳዶ ጨምረው ያንቀጥቅጡት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ አጥበው ወዲያው በአየር ያድርቁት፤ እርጥብ ካደረ በማግስቱ ይዝጋል። ባዶ ሰልባትዮ በምንም ምክንያት አይበየድም፣ በውስጡ የቀረው እንፋሎት ይፈነዳል።

ሞተር

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት የሚሠራው በሞተሩ ዙሪያ ባሉት ላሜራዎች ላይ ነው። «አየር ይግባለት» ተብሎ ይጣላሉ፣ የኋላው ኮፋኖም በእንጨት ተደግፎ ይከፈታል። ቬንትሌተሩ ንጹሕ አየር የሚስበው ከላይ፣ ከኋላ መስታወቱ ሥር ካሉት ክፍተቶች ነው፤ ማርሚታውና የጋለው አየር ያሉት ከታች ነው። ላሜራዎቹና በዙሪያቸው ያለው የጎማ ጠርዝ ሁለቱን የሚለዩ ግድግዳ ናቸው። ከተነሱ ቬንትሌተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይግላል። እያንዳንዱ ላሜራ በቦታው ይግባ፣ የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ያሉት የጎማ ክዳኖች እንኳ ሳይቀሩ። የጎደለውን ሶማሌ ተራ ከፈረሰ ሞተር ላይ መፈለግ ይቻላል፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለቀለም ከሚወጣው ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው በላይ ስለተቀመጠ አየሩን ይጋርደዋል። የጭስ ማውጫ ቫልቩ የሚቃጠለው በአብዛኛው እዚያ ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከዚያ እንዲወጣ ተደርጓል። የእርስዎ የቀድሞው ዓይነት ከሆነ የቫልቭ ሬጅስትሮ (ክፍተቱን ማስተካከል) መዝለል አይቻልም፦ ቫልቩ በተቀመጠ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብም ሳይዘጋ ይቃጠላል።

ሬጅስትሮው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ይሠራል። ከመኪናው ኋላ ቆመው ወደ ፊት ሲያዩ በቀኝ በኩል ከወደ ፊት 1 ከኋላ 2፣ በግራ በኩል ከወደ ፊት 3 ከኋላ 4 ናቸው። የስፒንትሮጀኑን (እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፍተው ውስጡ ያለው የሚሽከረከረው ክንድ ጠርዙ ላይ ካለው ጭረት ጋር እስኪገጥም ፑሌጃውን ያዙሩ፤ ይህ የአንደኛው ነው። የቫልቭ ክዳኑን ከፍተው በ13 ቁልፍ የቫልቩን ማስተካከያ ዳዶ አላልተው በካቻቢቴ ክፍተቱን 0.15 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፣ ፊለር ጌጁ ጥቂት እየያዘ ማለፍ አለበት። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ይቀየራልና እንደገና ይለኩ። ከዚያ ፑሌጃውን በግራ ዙር ግማሽ ዙር ሲመልሱት ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው በተራ ይመጣሉ። የቫልቭ ክዳኖቹን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በየጊዜው ይቀይሩ፤ ማጣበቂያ ካስፈለገ በክዳኑ በኩል ብቻ ይቀቡ።

የፑንቲናው ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእሳቱ ተራ 1-4-3-2 ነው። ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ለብዙዎቹ ሞተሮች ፒስተኑ ከሚደርስበት ላይኛው ነጥብ በፊት 7.5 ዲግሪ ነው፤ በትክክል ለማረጋገጥ ግን የስፒንትሮጀኑን ዓይነት ይዩ። ደጋ ላይ ጉልበት ለማግኘት ሲባል ታይሚንግ ይቀደማል፤ አዲስ አበባ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሲመለስ ግን አየሩ ወፍሮ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ዳገቱ ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ካርቡራተሩ ላይ ይሥሩ፦ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ቁራጭ) 125 ከሆነ ወደ 120 መውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ የሚወርዱ ከሆነ የቀድሞውን መልሰው ያስገቡ።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ዘመናዊ ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከታች በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረ የሽቦ ወንፊት ነው። ዳዶዎቹን 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ያጥብቋቸው፤ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይላጫል።

ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ሲበጠስ ማቀዝቀዝ ይቆማል። የዲናሞው መብራት ከበራ «ጋራዥ እስክደርስ» አይባልም፣ ወዲያው ይቁሙ። መጠባበቂያ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ።

ኤሌክትሪክ

የሚደበዝዝ መብራት በአብዛኛው ሻንሲ (የመኪናውን ብረት) በደንብ የማይነካ መብራት ነው፤ የሚታሰርበትን ቦታ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቁ። ባትሪው ላይ ክዳን ይኑር። ክዳን ከሌለ ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ፖሎቹን ነክቶ እሳት ያስነሳል።

ቀለም

ሁሉም ሠርቶ፣ መኪናው ተነድቶ ከታየ በኋላ መስታወቶች፣ መብራቶችና ፓራውልቶች ይውለቁ። ዙሪያውን በወረቀት ሸፍኖ መቀባት ጎማዎቹ ሥር ጠርዝ ይተዋል፣ መላጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የተራቆተውን ብረት በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ያን ዕለት ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀቡ፤ በክረምት አንድ ሌሊት ይበቃዋል ለመዛግ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይወፍር፣ ከዚያ በላይ ከጠየቀ ላሜራው በመዶሻ ገና አልተስተካከለም። ስቱኮውን በ80፣ በ180 ከዚያ በ320 ይፈግፍጉ፤ ፕራይመሩን በ400 ከዚያ በ600 እያጠቡ ይፈግፍጉ። ቀለሙ በሁለት ወይም በሦስት ስስ ንብብር፣ በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየቆየ ይረጫል። ወለሉን ውሃ ያርከፍክፉ፣ አቧራ እንዳይነሳ። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም አይሶሳያኔት ስላለው የጨርቅ ማስክም የካርቦን ማጣሪያ ብቻ ያለው ጭምብልም አይበቃም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭምብል ያድርጉ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ቫልቮቹን እንደገና ይለኩ፣ የኋላውን 36 ዳዶና የጎማ ብሎኖቹን ይፈትሹ። ወንፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ካገኙ መኪናውን ከመንዳት አቁመው ከየት እንደመጣ ይፈልጉ።