መምህራን ከተማሪ ቤተሰብ ጋር ሲገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ወላጅን ከሚያርቁ ስህተቶች ሁሉ የከፋው፣ ቤተሰብን ጥፋት ሲኖር ብቻ መፈለግ ነው። «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና» የሚለው ትእዛዝ ለልጁም ለቤተሰቡም እንደ ክስ መጥሪያ ስለሚሰማ፣ አባት ሥራውን ጥሎ የሚመጣው ሊገሠጽ ነው፤ የቤቱን ቁጣ የፈራ ልጅም መንገድ ላይ ያገኘውን ጎልማሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። የክፍል ኃላፊው መምህር በመስከረም፣ ገና ውጤትም ጥፋትም ሳይኖር፣ ደውሎ ራሱን ቢያስተዋውቅና «ልጅዎ ምን ይወዳል? ምንስ ይከብደዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን፣ በጥር ስለ መቅረት ሲደውል ስልኩን የሚያነሣው ሰው የሚያውቀው ሰው ይሆናል። ልጁ ሲሻሻልም መደወል ይገባል፤ ይህ እጅግ የተዘነጋ ነገር ነው።

ያልተማረ ወላጅ ልጁን ሊያግዝ አይችልም ብሎ መደምደምም ከባድ ስህተት ነው። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያሰግር አባት ስለ ነፋስና ስለ ሞገድ፣ በዘጌ ቡና የምታደርቅ እናት ስለ ተክሉና ስለ ፍሬው የሚያውቁት ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ነው። መምህሩ «የዛሬውን የዓሣ ሽያጭ ከአባትህ ጋር ደምረህ ወጪውን ቀንስና ትርፉን ጽፈህ ና» የሚል የቤት ሥራ ቢሰጥ፣ አባት ከልጁ ትምህርት ጋር የሚገናኘው በሚያውቀው ነገር ነው። ማንበብ የማትችል እናትም ልጇ ጮክ ብሎ እንዲያነብላትና ያነበበውን መልሶ እንዲተርክላት ማድረግ ትችላለች፤ ይህን እንድታደርግ ግን መምህሩ በአክብሮት ሊነግራት ይገባል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን ስብሰባ በኅዳር አጨዳ ወይም በገበያ ቀን ጠርቶ፣ የቀረውን ወላጅ ግድ የለሽ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ፊደል ላልቆጠረ ወላጅ ደብዳቤ በልጁ እጅ መላክም እንዲሁ መቅረት አለበት፤ አንባቢው ራሱ ልጁ ነውና። በስብሰባ ላይ የልጆችን ውጤት በስም ጠርቶ ማንበብ ደግሞ ወላጁን ዳግመኛ እንዳይመጣ ያደርገዋል።

በመጨረሻም፣ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። እነዚህን የሚያሳድራቸው ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት ወይም ዘመድ፣ አንዳንዴም አከራይ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ የአባትን ስልክ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ መምህሩ አብሮ የሚኖረውን ሰውና ከአገር ቤት ስንቅ የሚያመጣውን ቤተሰብ ለይቶ ማወቅ፣ ከሁለቱም ጋር መነጋገር አለበት።